ቁም ሳጥን ሥር ዱቄት፣ ጣሪያ ላይ ቅርጥፍጥፍ፦ ነቀዙን ምን ላድርገው?

የሄርማታዋ (ጥር 14)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነኝ፣ ሄርማታ። ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ቤታችን አባቴ የሠራው የጭቃ ቤት ነው። ጓሮ ውስጥ ኩሽናና ቡና የምናስቀምጥበት መጋዘን አለ። መጋዘን ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አራት በአምስት ነው፣ ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ።

ነገሩ የተጀመረው ለጥምቀት ቤት ስንወለውል ነው። ቁም ሳጥኑ ሥር ዱቄት አገኘን። የሲኒ አፍ የምታክል ትንሽ ክምር። እማዬ ወዲያው የእህቴን ልጅ ጠረጠረች። በሶ ሰርቆ ሲበላ አፍስሶ ነው አለች። ልጁ ማለ፣ ተገዘተ፣ አለቀሰ። ማንም አላመነውም። ጠረግነው። በሦስተኛው ቀን ዱቄቱ እዚያው ቦታ ላይ ነው፣ ልጁ ግን አጋሮ አባቱ ጋ ሄዷል። በዚሁ በነጻ ተለቀቀ።

ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ አድርጌ ኋላውን በስልክ መብራት አየሁት። ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል! በመርፌ የተወጋ ነው የሚመስለው። ቁም ሳጥኑ ዋንዛ ነው፣ እኔ የተወለድኩ ዓመት አባቴ መርካቶ ያሠራው። ፊቱና ጎኑ ምንም አልሆነም። የተበሳው የጀርባው ጣውላ ነው። እሱን ከአራት ዓመት በፊት አስቀይረነዋል፣ ዝናብ አበላሽቶት ነበር።

እህቴ ስታገባ የገዛነው ባለ ሦስት እግር በርጩማም አለ። እሱም አምስት ቀዳዳ አለው። ቆጥሬያለሁ።

መጋዘኑ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። መስከረም ላይ ጣሪያውን በአዲስ ባሕር ዛፍ አሠራነው። አሁን ማታ ማታ ድምፅ ይሰማል። ቅርጥ፣ ቅርጥ፣ ቅርጥ። ቅዳሴ መሃል ተደብቆ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ነው የሚመስለው። ከቋሚዎቹ አንዱ ላይ ከመሬት ወደ ላይ የወጣ የጭቃ መስመርም አይቻለሁ።

የሚገርመኝ ኩሽናው ነው። ጣሪያው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፣ አንድ ቀዳዳ የለውም።

አንዱ ጎረቤት ነጭ ጋዝ ቀቢበት ይላል። ሌላው የተቃጠለ ዘይት ይላል። እናንተስ? ሁለት ነገር ላስታውስ። እማዬ አስም አለባት፣ የምትተኛውም ቁም ሳጥኑ ያለበት ክፍል ነው። መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ ገና ያልሸጥነው ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) አለ።

ፈጣኑ (ጥር 14)

ምን ያስጨንቅሻል! እህል ላይ የሚጣለውን ክኒን ገበያ ላይ ታገኚዋለሽ። ሦስት ፍሬ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ጣል አድርገሽ ዝጊው። በሁለት ቀን ጸጥ። እኛ ቤት በቆሎው ላይ አንድ ነቀዝ አልቀረም።

የሰብል ሐኪሟ (ጥር 14)

እህቴ፣ ከላይ የተጻፈውን እንዳታደርጊው። በፍጹም። እናትሽን ቀብረሽ ነው የምትገላገዪው።

የተማርኩት ዕፅዋት ጥበቃ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ያ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። አየር ላይ ያለችው እርጥበት ስትነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው ክኒኑ ሳይሆን ጋዙ ነው። ጋዙ ደግሞ ነቀዝና ሰው አይለይም። ቁም ሳጥን ተዘጋ ማለት ታሸገ ማለት አይደለም። በበሩ ስንጥቅ፣ በጀርባው፣ አሁን ደግሞ በቀዳዳዎቹ ይወጣል። ከክፍል ወደ ክፍልም ያልፋል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። አስም ኖራትም አልኖራትም ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ አይገባም። እሱን የሚሠሩት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፣ ሰው ከሌለበትና ከታሸገ ቦታ፣ በመሣሪያ እየለኩ።

ፈጣኑ (ጥር 14)

ኧረ በናትሽ! እኛስ ጎተራው ከቤት ራቅ ያለ ነው። ለካ በዕድል ነው የተረፍነው። ይቅርታ፣ የጻፍኩትን አትከተሉ።

ጋሽ መጋዝ (ጥር 15)

ልጄ፣ እንደምን ነሽ። ጅማ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ በአናጢነት ሠርቻለሁ። አሁን ዓይኔ ደክሟል፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ስለዚህ ፊደሉ ላይ ስህተት ካለ የእሱ ነው።

አንቺ ሦስት ጠላት በአንድ ስም ጠርተሻል። መድኃኒት ከመፈለግሽ በፊት ለያቸው።

በመጀመሪያ ዱቄቱ። በሁለት ጣትሽ እሺው። እንደ ፊኖ ዱቄት ልስልስ ካለ፣ ቀዳዳውም የመርፌ ያህል ከሆነ፣ የአዲስ እንጨት ነቀዝ ነው። ይሄ ነቀዝ እንጨቱን ራሱን አይደለም የሚፈልገው። እንጨቱ ውስጥ ያለውን ስታርች ነው። ስታርቹ ያለው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ነጩ ክፍል ነው፣ ልቡ (መሃሉ) ላይ ከቁጥር አይገባም። ነጩም ቢሆን ዓመት በቆየ ቁጥር ስታርቹ እያለቀ ይሄዳል። ለዚህ ነው የአባትሽ ጣውላ የተረፈው። ዋንዛ፣ ማለትም ዋዴሳ፣ ልቡ ቡናማ ነው፣ ዳሩ ነጣ ያለ ነው። ጀርባውን የቀየረላችሁ ሰው ነጭ ነጩን መቶበታል። አላየሁትም ግን እምላለሁ። ጥድና ዝግባ ቢሆን ኖሮ ይሄኛው ነቀዝ ዞር ብሎም አያየውም ነበር።

አሁን አንድ ነገር ስሚኝ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያየሽው ቀዳዳ የገባበት አይደለም። የወጣበት ነው። እናቲቱ ጥንዚዛ እንቁላሏን ያልተቀባ እንጨት የተፈጥሮ ስስ ቀዳዳ ውስጥ ትጥላለች። ትሉ ውስጥ ውስጡን ሲበላ ወራት ይኖራል፣ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል። አድጎ ጥንዚዛ ሲሆን በስቶ ይበራል። ስለዚህ ቀዳዳው ውስጥ ነጭ ጋዝ ማፍሰስ ሌባው የወጣበትን በር መቆለፍ ነው። ነጭ ጋዝ ቶሎ ይተናል፣ ከነገ ወዲያ ምንም የለም። የሚቀረው ሽታውና የእሳቱ አደጋ ነው። ቡና በከሰል የሚፈላበት ቤት ውስጥ ደግሞ እንዴት ሆኖ?

የኛንም ጥፋት ልናገር። አናጢ ፊቱን ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ጀርባውን አንድም ጊዜ አይነካም። «ግድግዳ ያየዋል እንጂ ሰው አያየው» እንላለን። እኔም ብያለሁ። ጥንዚዛዋ ግን ታየዋለች። ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ላይ እንቁላል መጣል አትችልም፣ ባዶውን ነው ፈልጋ የምታገኘው። የመሳቢያውን ታችና የእግሩን ውስጥም እዪ።

ምክሬ አጭር ነው። ያን ጀርባ መድኃኒት አትፈልጊለት፣ ንቀዪው። አራት አምስት ጣውላ ነው። ዛሬውኑ ምድጃ ውስጥ ይግባ፣ ጓሮ ጥለሽው እንዳታድሪ። በደረቅ እንጨት ተኪውና ከመመታቱ በፊት በሁለቱም በኩል ይቀባ።

ወደ መጋዘኑ ስመጣ። የሚቆረጥመው ሌላ ነው። ባሕር ዛፉን ሳትልጡ ነው የሰቀላችሁት፣ አይደል? ረጅም ቀንድ ያለው ጥንዚዛ አለ። ገና የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሲሸተው መጥቶ ቅርፊቱ ሥር እንቁላል ይጥላል። ትሉ የትንሽ ጣት ያህል ይወፍራል፣ ድምፁ የሚሰማው ለዚህ ነው። ሲወጣ ሞላላ ቀዳዳ ይተዋል። ደስ የሚለው ግን ደረቅና የተላጠ እንጨት ላይ ተመልሶ አይገባም። ያሉት ወጥተው ካለቁ አለቀ። ስለዚህ ቅርፊቱን ላጪ፣ ትሎቹን በቢላዋ ልቀሚ፣ እያንዳንዱን ወራጅ በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጊ። ዘልቆ የሚገባበትን ቀይሪ፣ የማይገባበትን ተዪው። ሌላ ጊዜ ባሕር ዛፍ ስትገዢ በተቆረጠ በቀናት ውስጥ ይላጥ።

የጭቃው መስመር ምስጥ ነው። ምስጥ ከመሬት ነው የሚመጣው፣ ዱቄት አይጥልም። መስመሩን አፍርሺ፣ ቋሚውን ከአፈር አላቂው፣ ድንጋይ ወይም አርማታ ላይ ይቁም። ስለሱ ብዙ አልልም፣ ራሱን የቻለ ወሬ ነው።

ኩሽናሽን ጥላሸት ነው የጠበቀው። ከዕድሜሽ በላይ ጭስና ሙቀት የጠጣ እንጨት ደረቅ ነው፣ በላዩም ጥላሸት ለብሷል። ማን ይቀምሰዋል? ቤት ስታጸጂ ጥላሸቱን እንዳታስጠርጊው።

ቡናማው (ጥር 15)

የተቃጠለ ዘይት ላሏችሁ ሰዎች፣ እኔን ጠይቁኝ። አጋሮ አካባቢ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ምስጥ አስቸገረኝና የመጋዘኔን ቋሚዎች በሙሉ የመኪና የተቃጠለ ዘይት ቀባሁ። ለአጥር እንጨት ሲያደርጉት አይቼ ነው። ምስጡ እውነትም ሄደ። ከዚያ ጀንፈሌን አስገባሁ። ሁለት ወር ቆይቶ ገዢ መጣ፣ እፍኝ አንስቶ አሸተተ። «ጋራዥ ነው ያደረው?» አለኝ። ቀልዶብኝ ነበር የመሰለኝ። ከገበያው ዋጋ ቀንሼ ሸጥኩት። ቡና እንደ ስፖንጅ ነው፣ አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል። ከአጥር እንጨት በቀር ሌላ ነገር ላይ እንዳትቀቡት፣ እጃችሁንም ይጎዳል።

የሄርማታዋ (ጥር 16)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜ ይስጥዎት። የልጅ ልጅዎም ፊደሉ ጥሩ ነው።

ዱቄቱን አሸሁት፣ ፊኖ ነው። ጀርባውን ነቅለን አቃጥለነዋል። ነጭ ነጩ ነበር፣ አንዱን ጣውላ በእጄ ሰበርኩት። ውስጡ እንደ ተቆላ አጃ ፈረሰ። ባሕር ዛፉንም አልላጥነውም ነበር። እንዴት አወቁ?

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። በርጩማው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፣ የሚነቀል ጀርባ የለውም። ለእህቴ ማስታወሻ ስለሆነ አላቃጥለውም። ሁለተኛ፣ ከጀርባው ጋር የተያያዘው የቁም ሳጥኑ ክፈፍ ላይ ጥቂት ቀዳዳ አለ። እሱን ከነቀልኩት ቁም ሳጥኑ ይፈርሳል።

የሰብል ሐኪሟ (ጥር 16)

ለክፈፉ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ የሚባሉ ነጫጭ ዱቄቶች ይሻሉሻል። 10 ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ 600 ግራም ቦራክስና 400 ግራም ቦሪክ አሲድ ሟሟ ይበል። ለክፈፍ ብቻ ከሆነ አንድ ሊትር ይበቃሻል፣ 60 እና 40 ግራም ነው። ቫርኒሽ ያለበትን ቦታ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገሽ አንሺ፣ በቫርኒሽ ላይ አይገባም። በብሩሽ አጠጪው። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ድገሚው። በሚገባ ሲደርቅ ቫርኒሹን ከላይ።

ጥሩነቱ አይሸትም፣ አይተንም፣ እንጨቱ ውስጥ ይቀራል። መጥፎነቱ በውሃ ይታጠባል፣ ስለዚህ ዝናብ ለሚመታው ቋሚ አይሆንም። ደግሞ ጠልቆ ያለውን ትል ወዲያው አይገድለውም። ለተወሰነ ጊዜ አንዳንድ ዱቄት ብታዪ አትደንግጪ። ጓንት አድርጊ፣ ልጅ አያግኘው፣ የወጥ ዕቃ ውስጥ አትበጥብጪው። ስትፈገፍጊ እናትሽ እዚያ ክፍል አትሁን፣ ብናኙ ብቻውን ለአስሟ ይበቃል።

በርጩማውን ፀሐይ ላይ ጥቁር ላስቲክ አልብሰሽ ማስጣት ይቻላል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ውስጡ ድረስ ከ55 ዲግሪ በላይ መድረስ አለበት፣ ወፍራም እንጨት ላይ በጅማ ፀሐይ አልተማመንም። ሊሰነጠቅም ይችላል። የሚሻለው ቅዝቃዜ ነው። የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ያለው ሰው ታውቂያለሽ? በላስቲክ ጥብቅ አድርገሽ ጠቅልለሽ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ይተኛ። ስታወጪው ላስቲኩን ወዲያው አትክፈቺ። የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ቀን ይቆይ፣ አለዚያ ላብ ይለብሳል። መብራት ሳይቋረጥ ነው ግን!

ፈጣኑ (ጥር 16)

«መብራት ሳይቋረጥ» ስትይ ሳቄ መጣ። ጅማ ናት እኮ ያለችው።

ጋሽ መጋዝ (ጥር 17)

የሐኪሟን ምክር ተከተይ፣ እኔም ተማርኩ። እኛ ድሮ ግንዱን ወንዝ ውስጥ ለሳምንታት እንዘፈዝፈው ነበር፣ ጣፋጩ ይውጣለት እያልን። አሁን ሲነግሩኝ ያ ስታርቹን ማጠብ ነው። ዛሬ ማን ጊዜ አለው? ዛፉም ያኔ ሽማግሌ ነበር። ልቡ ብዙ፣ ነጩ ትንሽ። ሰው «የድሮ እንጨት» እያለ የሚያደንቀው እሱን ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጂሬን ላይ ከ100 ዓመት በላይ ቆሟል፣ ሄደሽ ጣውላውን እዪው። አሁን የሚመጣልን ገና ለጋ ዛፍ ነው፣ ነጭ በነጭ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጨርሰሽ ስታበቂ የቀሩትን ቀዳዳዎች በሻማ ሰም ድፈኛቸው። ከዕቃው ሥር ጥቁር ፌስታል አንጥፊ። አዲስ ዱቄት ወይም ያልተደፈነ አዲስ ቀዳዳ ካየሽ በሕይወት ያለ አለ ማለት ነው። ዕቃው ሲነቃነቅ ከአሮጌ ቀዳዳም ዱቄት ይረግፋል፣ ስለዚህ ዱቄት ብቻ አይተሽ አትፍረጂ። ሰሙ ነው ምስክርሽ።

የሄርማታዋ (መጋቢት 20)

ቆየሁባችሁ። ጠፍታ ቀረች እንዳትሉኝ የሆነውን ልንገራችሁ።

ቁም ሳጥኑ አዲስ ጀርባ አለው፣ የዝግባ ጣውላ። አናጢው ከግድግዳው በኩል ቫርኒሽ ቀባልኝ ስለው «ለማን ውበት ነው?» ብሎኝ ነበር። ለጥንዚዛ አልኩት። ያበድኩ መስሎት ዝም ብሎ ቀባ። ክፈፉን በቦራክሱ ሁለት ጊዜ አጠጣሁት። እማዬ ሁለቱን ቀን እህቴ ጋ ዋለች። ቤት ውስጥ ምንም ሽታ የለም። በሰም 23 ቀዳዳ ደፈንኩ።

መጋዘኑን ለመላጥ ቅዳሜን ሙሉ ፈጀብን። ጀንፈሉን ቀድመን አውጥተን ነበር። ከ14 ወራጅ ሦስቱ ካቻቢቴው እንደ ቅቤ ገባባቸው፣ ቀየርናቸው። ትሎቹ ነጫጭ ናቸው፣ ጭንቅላታቸው አካባቢ ሰፋ ያሉ። እኔ በቢላዋ እያወጣሁ መሬት ስጥል የጎረቤት ዶሮዎች ሰሙ። ከየት እንደሰሙ እንጃ! ከዚያ በኋላ መሰላል ባነሳሁ ቁጥር ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ድምፁ ከሳምንት በኋላ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀረ። አሁን እሱም የለም።

በርጩማው ግን ጀብዱ ነበር። ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ፍሪዘሩ ውስጥ፣ ዶሮና አይስክሬም መሃል አስተኛልኝ። በአምስተኛው ቀን መብራት ግማሽ ቀን ጠፋ። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። በዘጠነኛው ቀን ደግሞ ጠፋ። እንደገና። ጓደኛዬ ደንበኛ ዶሮ ሲጠይቀው በርጩማውን ብድግ አድርጎ እየፈለገ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ላለው ሁሉ ታሪኩን ሲተርክ ከረመ። በመጨረሻ ሁለት ሳምንት ሳይቋረጥ ሞላ። አንድ ቀን ከነላስቲኩ አቆይቼ ከፈትኩት። ደህና ነው፣ አልተሰነጠቀም። ሆዱን ከሥር በቫርኒሽ ቀባሁት።

እማዬ ለእህቴ ልጅ በሶ በማር በጥብጣ ሰጠችው። ይቅርታ የሚለው ቃል አልወጣትም፣ በሶው ግን ሁለት ብርጭቆ ነበር።

አሁን አንድ ጥያቄ። ትናንት ፌስታሉን ሳየው ክፈፉ ግርጌ ላይ ትንሽ ዱቄት አለ። ሰሞቹን ሁሉ አየሁ፣ 22ቱ እንዳሉ ናቸው። አንዱ አጠገብ ግን አዲስ ቀዳዳ አለ። ልደንግጥ?

የሰብል ሐኪሟ (መጋቢት 20)

አትደንግጪ። ጠልቆ የነበረ አንዱ ወጥቶ ነው የሚሆነው። ግን 23 ደፍነሽ 22 ነው የቆጠርሽው። አንዷን ፈልጊያት።

የሄርማታዋ (መጋቢት 21)

አገኘኋት። ሰሟ ወድቃ እማዬ ጫማ ሥር ተለጥፋለች። መልሼ ደፈንኳት፣ አዲሱንም በስሪንጅ ቦራክስ አጠጥቼ ደፈንኩት። 24።

ጋሽ መጋዝ (መጋቢት 22)

ዝናቡ ሲጀምር እንደገና እዪው ልጄ። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቂው፣ ጀርባው ይተንፍስ።